ግፉን በጎ ልበለው?

ጥያቄ

መምህር ሆይ፣ የእግዚአብሔር ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን። በአንድ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዥ ሆኜ ስሠራ ገንዘብ አጉድለሻል ተብዬ ተከሰስኩ። የመሰከረችብኝ አብራኝ ትሠራ የነበረች፣ እንደ እኅት የማያት ሴት ናት። ገንዘቡን የወሰደው ሌላ ሰው መሆኑ በሒሳብ ምርመራ ተረጋግጦ በነፃ እስክሰናበት ድረስ 14 ወር ታስሬአለሁ። ከዚያ በፊት ቤተ ክርስቲያን የምሄደው ለሠርግና ለቀብር ብቻ ነበር። በእስር ቤት አንዲት ፊደል ያልቆጠሩ እናት የፍርድ ቤት ወረቀታቸውን እንዳነብላቸው ለመኑኝ። ቀጥሎም ከትራሳቸው ሥር የሚያኖሩትን መዝሙረ ዳዊት አመጡልኝ። ማታ ማታ ለእርሳቸው ሳነብ ቃሉ እኔን ያዘኝ። ፊደል አስቆጠርኳቸው፤ ሌሎችም ተከተሉ፤ ስፈታ ዘጠኝ ተማሪዎች ነበሩኝ። አሁን በንስሓ ተመልሼ ሥጋ ወደሙ እየተቀበልኩ እኖራለሁ።

የሚያስጨንቀኝ ግን ይህ ነው። ወዳጆቼና አንዳንድ አገልጋዮች «እግዚአብሔር ያሳሰረሽ ሊያገኝሽ ብሎ ነው፤ ለበጎ ነው፤ የከሰሰችሽንም አመስግኛት» ይሉኛል። ይህን ስሰማ ጉሮሮዬ ይዘጋል። በሌላ በኩል ግን ባልታሰር ኖሮ አላምንም ነበር። እምነቴ ጎድሎ ይሆን? ስሜ እንዲጸዳና ያጣሁት ደመወዝ እንዲከፈለኝ በሕግ ብጠይቅ ኃጢአት ይሆንብኛል? ያችን ሴት ይቅር ለማለት ስሞክር ፊቷ ይመጣብኛል፤ አልቻልኩም። ደግሞም ለእኚያ እናት «እመለሳለሁ» ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። ሰባት ወር አለፈ። ሁለት ጊዜ ሞክሬ፣ በሩን ሳይ እጄ እየተንቀጠቀጠ ተመለስኩ። ምን ላድርግ?

መልስ

እኅቴ ሆይ፣ ጉሮሮሽ የተዘጋው እምነትሽ ስለ ጎደለ አይደለም። እውነት ያልሆነ ነገር እንድትውጪ ስለ ተሰጠሽ ነው። «በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር» ብሎ በሲና ያዘዘ አምላክ በአንቺ ላይ የሐሰት ምስክር አቆመ ብንል፣ ትእዛዙን ራሱ አፈረሰ ማለታችን ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ «እግዚአብሔር በክፉ አይፈተንምና፤ እርሱ ራሱስ ማንንም አይፈትንም» ይላል። ያ ምስክርነት ከአንዲት ሴት ፍርሃት፣ ወይም ጥቅም፣ ወይም ቅናት የወጣ ነው። በዚያን ቀን ኃጢአት ነበር፤ ዛሬም ኃጢአት ነው። አንቺ ስላመንሽ ወደ ኋላ ተመልሶ ጽድቅ አይሆንም።

«ለበጎ ነው» የሚሉሽ ሰዎች ዮሴፍን ሳይጠቅሱልሽ አይቀሩም። ጥቅሱ የታወቀ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ግማሹ ብቻ ይነበባል። ሙሉው እንዲህ ይላል፦ «እናንተ ክፉ ነገርን አሰባችሁብኝ፤ እግዚአብሔር ግን ዛሬ እንደ ሆነው ብዙ ሕዝብ እንዲድን ለማድረግ ለመልካም አሰበው» (ዘፍ. 50፥20)። «አሰባችሁብኝ» በሚለው ቃል ውስጥ ያለችውን «ብኝ» ልብ በያት። ዮሴፍ አልዘለላትም። ወንድሞቹ ከፊቱ ተደፍተው፣ እርሱም እያለቀሰ፣ በዚያ ሁሉ ርኅራኄ መካከል እንኳ ክፉውን ክፉ ብሎ ጠራው። በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት አሳቢዎች አሉ። የወንድሞቹ አሳብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ክፉ ነው፤ የእግዚአብሔር አሳብ ከጫፍ እስከ ጫፍ መልካም ነው። ሁለቱ አልተቀላቀሉም። እግዚአብሔር የእነርሱን ክፋት ሥራው አላደረገውም፤ ክፋቱ ሊደርስበት ያሰበውን ግብ ነጠቀው እንጂ።

መቼ እንደ ተናገረውም እይ። ዮሴፍ በ17 ዓመቱ ገደማ በ20 ብር ተሸጠ። በፈርዖን ፊት ሲቆም 30 ዓመቱ ነበር። ሰባቱ የጥጋብ ዓመታት አልፈው፣ ከረሀቡ ዓመታት ሁለቱ ተቆጥረው፣ አባቱ ያዕቆብም ወደ ግብፅ ወርዶ 17 ዓመት ኖሮ ከሞተ በኋላ ነው ይህን ቃል የምንሰማው። ከተሸጠበት ቀን ወደ 39 ዓመት ይርቃል። በወኅኒ ሳለ የተናገረው ሌላ ነው፤ የጠጅ አሳላፊዎቹን አለቃ ከዕብራውያን አገር ተሰርቄ መጣሁ፣ በዚህም እስር ቤት የሚያስገባኝ ምንም አላደረግሁም፣ ለፈርዖን ንገርልኝ ብሎ ለመነው። ይህ ልመና እምነት የጎደለው ሰው ልመና አልነበረም። መጽሐፉ ገና በዚያው ምዕራፍ ዋዜማ እግዚአብሔር ከዮሴፍ ጋር እንደ ነበረ ነግሮናልና። ደግሞም ያን ታላቅ ቃል የተናገረው ዮሴፍ ራሱ ነው። ወንድሞቹ «ለበጎ ነው የሸጥንህ» አላሉትም፤ በመንገድ ያለፈ ነጋዴም አላለውም። አንቺም አንድ ቀን፣ በራስሽ አፍ፣ በራስሽ ጊዜ፣ እንደ ዮሴፍ ያለ ቃል ትናገሪ ይሆናል። ማንም ቀድሞ ከአፍሽ ሊያወጣው አይገባም።

ይህን የምልሽ እኔም በዚሁ ስለ በደልኩ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት አንዲት መበለት ቤቷን በሐሰት ሰነድ ተነጥቃ ወደ እኔ መጣች። ገና ተናግራ ሳትጨርስ «እግዚአብሔር ያመጣው ለበጎ ነው» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «ለማን?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ ወደ ትምህርቱ አልመጣችም። ቤቷ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ስጠይቃት አስገብታኛለች፤ ያ ጥያቄዋ ግን እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። የኢዮብ ወዳጆች ከሁሉ የሚሻለውን የሠሩት አፋቸውን ዘግተው ከእርሱ ጋር በምድር ላይ በተቀመጡባቸው ሰባት ቀናትና ሌሊቶች ነበር። አፋቸውን ሲከፍቱ ለእግዚአብሔር ጥብቅና የቆሙ መሰላቸው፤ እግዚአብሔር ግን በመጨረሻ የተቆጣው በእነርሱ ላይ ነው እንጂ በጮኸው በኢዮብ ላይ አይደለም።

«ባልታሰር ኖሮ አላምንም ነበር» ያልሽውን ግን በጥንቃቄ ልመልስልሽ፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ነው ሰዎቹ የሚይዙሽ። ሰው ወደ እግዚአብሔር የሚመጣበት መንገድ ብዙ ነው። የጠፋውን ልጅ ወደ አባቱ ቤት ያስመለሰው ረሀብ ነው፤ አባቱ አንገቱን አቅፎ ሲስመው «ርቦህ ነው ወይስ ወድደኸኝ?» ብሎ አልመረመረውም። ስለዚህ በጭንቅ የጀመረ እምነት የውሸት ነው ብለሽ አትፍሪ። ነገር ግን አማኝ ያደረገሽ እስራቱ ነው ብለሽም አታስቢ። ወኅኒ በራሱ አማኝ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ በምድር ያሉ እስር ቤቶች ሁሉ ገዳማት በሆኑ ነበር። አንቺ ራስሽ ከጎንሽ ሰው ሲመርና ሲጨልምበት አይተሻል። በአንቺ ላይ የሆነውን ደግመሽ ተመልከቺው፤ በደብዳቤሽ ውስጥ ጽፈሽዋል፣ ነገር ግን ያስተዋልሽው አልመሰለኝም። እኚያ እናት ወረቀታቸውን ይዘው መጡ። አንቺ የራስሽ ወረቀት የሚያስጨንቅሽ ሴት፣ የእርሳቸውን አነበብሽ። ከዚያም ዳዊቱን። ቃሉ ያገኘሽ ለራስሽ ስታነቢ ሳይሆን ለሌላ ሰው ስታነቢ ነው። እምነትሽና አገልግሎትሽ በአንድ ማታ፣ ከአንድ ገጽ ላይ ነው የተወለዱት። ክርስቶስ «ታስሬ ወደ እኔ መጥታችኋል» ብሏል። በእነዚያ ማታዎች ከመጽሐፉ ቃል ጋር ብቻ አልነበርሽም፤ ፊደል ባልቆጠሩት እናት ከተመሰለው ጌታ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠሽ ነበር።

በዮሴፍ ታሪክ ውስጥም እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ሕልም መፍታቱ አይደለም፤ የአንዲት ማለዳ ጥያቄ ናት። የፈርዖን ሁለቱ ሹማምንት ታስረው ሳለ ዮሴፍ በማለዳ ገባ፤ ፊታቸው አዝኖ አየና «ዛሬ ስለ ምን ፊታችሁ አዘነ?» አላቸው (ዘፍ. 40፥7)። በግፍ የታሰረ ሰው፣ ወንድሞቹ የሸጡት፣ የጌታው ሚስት በሐሰት ከስሳ ያሳሰረችው ሰው፣ የሌላ እስረኛ ፊት መለወጡን አስተዋለ! ግፍ ብዙ ጊዜ ዓይንን ወደ ውስጥ ያዞራል፤ የራስን ቁስል ብቻ ያሳያል። ዮሴፍ ከወኅኒ የወጣበት መንገድ የተከፈተው በዚያች ጥያቄ ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ያ ሹም ረስቶት ሁለት ዓመት ሙሉ ቆየ። በጎ ማድረጉ ወዲያው አላስፈታውም። አንቺም ፊደል ስታስተምሪ ቀንሽ አላጠረም፤ ቢሆንም አስተማርሽ።

የሕግ ጥያቄሽ አጭር መልስ አለው፤ ኃጢአት አይደለም። ጳውሎስና ሲላስ በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ተገርፈው ታሰሩ፤ ሌሊት ዘመሩ፤ የወኅኒ ጠባቂውም ራሱን ሊገድል ሲል ጮኸው አዳኑት፤ ቁስላቸውንም አጠበላቸው። በነጋ ጊዜ ገዢዎቹ በስውር ሊያሰናብቷቸው ወደዱ። ጳውሎስ ግን እንቢ አለ፤ በሕዝብ ፊት ደብድበው የጣሉን ራሳቸው መጥተው ያውጡን አለ (ሐዋ. 16፥37)። ሌሊቱን የዘመረው አፍ ነው ጠዋት መብቱን የጠየቀው። ጌታችንም በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ ሲመታ፣ ክፉ ተናግሬ እንደ ሆነ መስክር፣ መልካም ከሆነ ግን ስለ ምን ትመታኛለህ ብሎ ጠየቀ። የቁስጥንጥንያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ እ.ኤ.አ. በ404 በግፍ ሲሰደድ የተፈጸመበት ሕገ ወጥ መሆኑን ለሮሙ ጳጳስ ጽፎ አቤት ብሏል። በስደቱ ሳለም ወዳጆቹ የላኩለትን ገንዘብ ለድሆች አካፍሎታል፤ በወንበዴዎች የተማረኩ ሰዎችን ዋጅቶ ወደየቤተ ሰባቸው ልኮበታል። አቤቱታውና ምጽዋቱ አልተጣሉም። ደመወዝሽን ጠይቂ። ስምሽ እንዲጸዳ ጠይቂ፤ ነገ በዚያ ወንበር ለምትቀመጠውም ሴት ጥበቃ ይሆናታል። ልብሽን የምትመረምሪበት አንድ ነገር ልስጥሽ፦ ፍርዱ በእውነት ቢፈጸምልሽ ይበቃሻል ወይስ እርስዋ ስትዋረድ ካላየሽ አይበቃሽም? ሁለተኛው ሆኖ ካገኘሽው ለንስሓ አባትሽ ንገሪያቸው፤ ክሱን ግን በዚህ ምክንያት አትተዪ።

ይቅርታው ይከብዳል። በቀላል ቃል ላልፈው አልፈልግም። ሰዎች ይቅርታ ሲሉ ብዙ ጊዜ «ምንም አልሆነም» ማለትን ያስባሉ። ምንም ካልሆነ ግን ይቅር የሚባል ነገር የለም። ጌታ በምሳሌው ያቀረበው ንጉሥ መጀመሪያ ሒሳቡን አስቀርቦ ዕዳው አሥር ሺህ መክሊት መሆኑን አሳወቀ፤ ከዚያ በኋላ ነው የተወለት። ገንዘብ ያዥ ነሽና ይህን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ያልተመዘገበ ዕዳ አይሰረዝም። ስለዚህ መጀመሪያ በእግዚአብሔር ፊት መዝግቢው። 14 ወር፣ ደመወዝ፣ ስም፣ እንደ እኅት ያየሻት ሰው፣ የሚንቀጠቀጠው እጅ፤ ሁሉንም። ለዚህ የሚሆን ጸሎት በዳዊት ውስጥ ተጽፎልሻል፤ መዝሙር 34ን (በአንዳንድ እትም 35 ነው) ክፈቺ። የሐሰት ምስክሮች ተነሡብኝ፣ የማላውቀውን ጠየቁኝ ይላል። ወረድ ብሎም እነርሱ በታመሙ ጊዜ ማቅ ለብሼ ጾሜላቸው ነበር ይላል። የተከዳ ወዳጅ ጩኸት ነው። ቤተ ክርስቲያን ይህን ጩኸት ከጸሎት መጽሐፏ አላወጣችውም፤ በአፋችን አኖረችው እንጂ።

ከመዘገብሽ በኋላ የምትተዪው የፈራጅነቱን ወንበር ነው። «በቀል የእኔ ነው፥ እኔ ብድራቱን እመልሳለሁ ይላል ጌታ» የሚለውን ቃል አምነሽ ወንበሩን ለባለቤቱ ትለቂያለሽ። ይህ በአንድ ቀን ያልቃል ብለሽ አትጠብቂ። ፊቷ በመጣብሽ ቁጥር፣ ስሟን ያለ እርግማን መጥራት ከቻልሽ፣ ለዚያ ቀን በቂ ነው። ማግስቱን ደግሞ ትጀምሪያለሽ። ጴጥሮስ ሰባት ጊዜ ይበቃልን ብሎ ሲጠይቅ ጌታ ሰባ ጊዜ ሰባት ያለው ለአንድ በደል የሚያስፈልገውንም ቁጥር ጭምር ይመስለኛል። ይቅርታም ማለት የካዝናውን ቁልፍ መልሶ በእጇ ማኖር አይደለም። ዮሴፍ ወንድሞቹ ገና እንደ መጡ ማንነቱን አልገለጠላቸውም፤ ከእነርሱ ዘወር ብሎ አለቀሰ፤ ተለውጠው እንደ ሆነም በብንያም ፈተናቸው። ጳውሎስም የናስ አንጥረኛው እስክንድሮስ እጅግ እንደ ከፋበት ሲጽፍ ብድራቱን ለጌታ ተወ፤ በዚያው መስመር ግን ጢሞቴዎስን አንተም ከእርሱ ተጠበቅ አለው። እንድታመሰግኛት የሚመክሩሽን አትስሚ። ለኃጢአት ምስጋና አይቀርብም። እንድትጸልዪላት የታዘዝሽው ግን ይበቃታል፤ ከምስጋናም ይበልጣል።

አሁን ወደ እጅሽ መንቀጥቀጥ ልመለስ። ይህን ሳነብ ነው ደብዳቤሽን አስቀምጬ የጸለይኩት። እጅሽ የሚንቀጠቀጠው በዚያ በር የደረሰብሽን ሰውነትሽ ስላልረሳ ነው። ኤልያስ ደክሞት ከዛፍ ሥር ተኝቶ ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ እንደ ገና እንዲተኛ ተወው፤ መንገዱ ሩቅ ነውና ብላ አለው። ስለዚህ በዚህ ነገር የሠለጠነ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ብታማክሪ መልካም ነው፤ ከጸሎትሽም ምንም አይቀንስብሽም። በአደባባይ ቆመሽ ምስክርነት እንድትሰጪ የሚጠይቁሽም እንዳሉ እገምታለሁ። ካልተዘጋጀሽ «አሁን አልችልም» በይ። የአንቺ ሕማም ለጉባኤ ማሞቂያ አይደለም።

አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው ፍሬምናጦስ፣ ከወንድሙ ከኤዴስዮስ ጋር ከጢሮስ ተነሥቶ በባሕር ሲጓዝ ነው የተያዘው። መርከቧ ስንቅና ውኃ ፍለጋ ወደብ በያዘች ጊዜ አብረዋቸው የነበሩት ተገደሉ፤ ሁለቱ ልጆች ብቻ ተርፈው ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት ተወሰዱ። ፍሬምናጦስ የንጉሡን ሒሳብና ደብዳቤ እንዲይዝ ተሾመ፤ እንዳንቺው ማለት ነው። ነፃ በወጡ ጊዜ ፍሬምናጦስ እስክንድርያ ሄዶ ለአክሱም ጳጳስ እንዲሾምላት ለሊቀ ጳጳሱ ለቅዱስ አትናቴዎስ አመለከተ፤ አትናቴዎስም እርሱኑ ሾሞ ላከው። ሕዝቡ ከሣቴ ብርሃን ያለው፣ ተማርኮ በገባበት አገር ነው። ኤዴስዮስ ግን አልተመለሰም። ወደ ጢሮስ፣ ወደ ዘመዶቹ ሄደ፤ በዚያም ቅስና ተቀብሎ አገለገለ። ስለ ሁለቱ የሆነውን ለታሪክ ጸሐፊ የነገረውና እስከ እኛ እንዲደርስ ያደረገው ኤዴስዮስ ነው። ከአንድ መከራ የወጡ ሁለት ወንድሞች፣ አንዱ ተመለሰ፣ አንዱ አልተመለሰም፤ ቤተ ክርስቲያን ኤዴስዮስን ከዳተኛ ብላ አታውቅም። አንቺም በዚያ በር ሳትገቢ እግዚአብሔርን ማገልገል ትችያለሽ። የመመለስ ፍላጎት በውስጥሽ ካለ ግን፣ እንዳለም ደብዳቤሽ ይናገራል፣ ቀስ በቀስ ይሁን፤ ብቻሽንም አትሂጂ።

ነቢዩ ኤርምያስ በግፍ ጭቃ ወዳለበት ጉድጓድ በተጣለ ጊዜ ያወጣው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ አቤሜሌክ ነው። ንጉሡ 30 ሰዎች እንዲወስድ ፈቀደለት። ገመድ ማውረድ ይበቃ ነበር። አቤሜሌክ ግን አስቀድሞ ከቤተ መንግሥቱ ዕቃ ቤት አሮጌ ጨርቅ ሰበሰበ፤ ይህን ከብብትህ በታች አድርግ፣ ገመዱንም ከላዩ አለው (ኤር. 38፥12)። ገመድ ብብት እንደሚልጥ አሰበለት! እንዲህ ያለ አሳብ ከብዙዎቻችን ይሰወራል። ለእስረኛ ልብስና ምግብ ይዘን እንሄዳለን፤ አንቺ ግን ገመዱ የት ላይ እንደሚልጥ ታውቂያለሽ። ቀጠሮ ሲተላለፍ ሌሊቱ እንዴት እንደሚረዝም፣ ያልተነበበ ወረቀት በእጅ ይዞ መቀመጥ ምን እንደሚመስል፣ ጠያቂ በሚመጣበት ቀን ስምን ሳይጠሩ ሲቀሩ ሆድ እንዴት እንደሚባባ ታውቂያለሽ። ጳውሎስ ሄኔሲፎሩን የባረከው በሰንሰለቴ አላፈረበትም፣ በሮም ሳለ ተግቶ ፈልጎ አገኘኝ ብሎ ነው። ተግቶ የሚፈልግ ሰው ለታሰረ ሰው ምን እንደሆነ ለአንቺ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ለእኚያ እናት የገባሽው ቃል እንዳይከብድሽ በዚህ ሳምንት የምትችይውን አድርጊ። ደብዳቤ ጻፊላቸው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ከበሩ ተመለስኩ ብለሽ እውነቱን ንገሪያቸው፤ የታሰረ ሰው ይህን ይረዳል። ፊደሉን ጎላ፣ መስመሩንም ራቅ ራቅ አድርጊው። ለማንም ሳይሰጡ ራሳቸው ያነቡታል።